ቡካና ቾፕ ባር፦ በሌጎስና በአክራ ተራ ምግብ ቤት ምሳ እንዴት ይታዘዛል፣ እንዴትስ ይበላል?

ሌጎስ ወይም አክራ ለሥራ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ ከሆቴሉ ምግብ ቤት አይወጣም። ለምን ቢሉት፣ “ምን እንደማዝዝ አላውቅም፤ ደግሞም ጾም ነው” ይላል። ሁለቱም ችግሮች መፍትሔ አላቸው። ይህ መመሪያ የሚናገረው ስለ ተራው ምግብ ቤት ነው፤ ናይጄሪያ ውስጥ ቡካ ወይም ማማ ፑት፣ ጋና ውስጥ ቾፕ ባር ስለሚባለው። የፕላስቲክ ወንበር፣ የተደረደሩ ትልልቅ ድስቶች፣ ከድስቶቹ ጀርባ ጭልፋ ይዛ የቆመች ባለቤት ያለችበት ቤት ማለት ነው።

1. በሰዓቱ ይድረሱ

ቡካ በዋናነት የምሳ ቤት ነው። ወጡ ጠዋት ይሠራል፣ እኩለ ቀን ላይ ይሸጣል፣ ያለቀው አልቋል። ከቀትር በኋላ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ሌላው ያልመረጠውን ይበላል። አማላ የተባለውን የቦዬ ገንፎ የሚሸጡ የሌጎስ ቤቶች ገና ረፋድ ላይ ሰው ይበዛባቸዋል። አክራ ላይ ዋቼ የሚባለው ከጥራጥሬ ጋር የተቀቀለ ሩዝ በተለይ የጠዋት ምግብ ነው። ሱያ የሚባለው በቅመም የተጠበሰ የእንጨት ጥብስ ሥጋ ደግሞ የሚፈለገው ሲመሽ ነው። የአዲስ አበባ ሰዓት ከሌጎስ በሁለት፣ ከአክራ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአገሬው ሰው ቀድሞ ይርብዎታል። ይህን ችግር አድርገው አይዩት፤ ድስቱ ሳይነካ ይደርሱበታል።

ቤት ለመምረጥ ማስታወቂያ አይዩ። የባንክ ሠራተኛና የታክሲ ሾፌር ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚበሉበትን ይምረጡ።

2. ሰላምታ ይቅደም

ቀጥታ ወደ ትእዛዝ መግባት እዚያም ነውር ነው። “ጉድ አፍተርኑን፣ ማ” ብሎ መጀመር ይበቃል። ባለቤቷን በዕድሜዋ መሠረት “ማማ”፣ “አንቲ” ወይም “ማዳም” ይበሏት። ገንዘብም ሆነ ሳህን ሲሰጡና ሲቀበሉ በቀኝ እጅ ይሁን፤ የግራ እጅ በጋናም በናይጄሪያም ያስቀይማል። ጋና ውስጥ እየበላ ያለ ሰው ዓይንዎን ካየ “ዩ አር ኢንቫይትድ” ይልዎታል። የእኛው “እንብላ” ነው፤ “አመሰግናለሁ፣ መልካም ምግብ” ብለው ማለፍ ይችላሉ።

3. የምግብ ዝርዝሩን ትተው ድስቱን ይጠይቁ

ግድግዳው ላይ ሃያ ዓይነት ምግብ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ያለው ግን አምስት ወይም ስድስት ነው። ሌጎስ ውስጥ ፒጅን በሚባለው የአገሬው እንግሊዝኛ “ዌቲን ዴይ?” ብለው ይጠይቁ፤ ምን አለ እንደ ማለት ነው። “ኢ ዶን ፊኒሽ” ካሉዎት ያ ምግብ አልቋል፤ አይከራከሩ። የድስቱን ክዳን ከፍተው እንዲያሳዩዎት መጠየቅ አያሳፍርም፤ ብዙዎቹ ባለቤቶች እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

4. ምግብዎን በሦስት ውሳኔ ይገጣጥሙ

እኛ አገር “ሽሮ” ብለው ያዝዛሉ፣ እንጀራው አብሮ ይመጣል። ቡካ ውስጥ ግን መደቡን፣ ሾርባውንና ሥጋውን ለየብቻ ይመርጣሉ፤ ሂሳቡም ለየብቻ ይደመራል።

መጀመሪያ መደቡ። ናይጄሪያውያን “ስዋሎው” የሚሉት ገንፎ መሰል ጥቅል ሊጥ ነው። ኤባ የሚሠራው ከጋሪ ነው፤ ጋሪ ማለት ተፍቆ፣ ቦክቶ፣ ተጨምቆ የተቆላ ካሳቫ ነው። ትንሽ ይኮመጥጣል፣ ትንሽም ይሻክራል። አማላ ከደረቀ የቦዬ ዱቄት ይገነፋል፤ መልኩ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ዓይን ያስፈራል፣ አፍ ውስጥ ግን እጅግ ለስላሳ ነው። የተወቀጠ ቦዬ ነጭና ጣዕሙ ገር ነው፤ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ጋና ሲደርሱ ፉፉው የካሳቫና የፕላንቴይን ውቅጥ ነው፤ ፕላንቴይን ማለት ተበስሎ የሚበላው ትልቁ ሙዝ ነው። ባንኩና ኬንኬ ደግሞ ከቦካ የበቆሎ ሊጥ ይሠራሉ፤ ባንኩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ካሳቫ ይጨመራል። እንጀራ የለመደ አፍ ኮምጣጣውን አይጠላም። ባንኩ ከተጠበሰ ቲላፒያ ዓሣና ከተፈጨ ትኩስ ቃሪያ ጋር ሲቀርብ፣ በእኔ ግምት ከጋና ምግቦች ሁሉ ለሐበሻ አፍ የሚቀርበው እሱ ነው።

ቀጥሎ ሾርባው። ሾርባ ሲባል ቀጭን መረቅ አይጠብቁ፤ አብዛኛው እንደ ወጥ የወፈረ ነው። ኤጉሲ ከሐብሐብ ዘመድ ፍሬ ከተፈጨ ዘር ይሠራል፤ ቅባታምና ጉብጉብ ያለ ነው። ኤፎ ሪሮ ቅጠል የበዛበት፣ በቀይ የዘንባባ ዘይትና በበርበሬ የተሠራ የዮሩባ ወጥ ነው፤ ጎመን የሚወድ ሰው ከዚህ ይጀምር። ኤዌዱ ግብጽና የባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖሩ ሰዎች ሙሉኪያ ብለው የሚያውቁት ቅጠል ነው። እሱንና ግቤጊሪ የተባለውን የጥራጥሬ ሾርባ ከአማላ ጋር አንድ ሳህን ላይ ሲያቀርቡት አቡላ ይባላል፤ የኢባዳን ከተማ ሰው በእሱ ይኮራል። ኦግቦኖና የባሚያ ሾርባ ሲነሱ እንደ ክር የሚሳቡ ናቸው። የሚወዳቸው ይወዳቸዋል፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን አልመክርም። ጋና ውስጥ ቀጭን፣ ቲማቲም የበዛበትና ትኩስ ሾርባ ከፈለጉ “ላይት ሱፕ” ይበሉ። የለውዝ ሾርባው ግን ከሁሉ ይጣፍጣል፤ ለውዝ የማይስማማው ሰው ብቻ ይራቀው። እንዲህ ያለ ሰው ሱያንም መተው አለበት፤ ቅመሙ የተፈጨ ለውዝ አለበት።

በመጨረሻ ሥጋው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። “አሶርትድ” ካሉ የሚመጣልዎ የከብት ሆድ ዕቃ ቅይጥ ነው። ሻኪ ጨጓራ ነው፤ የዱለት አገር ሰው በእሱ አይደነግጥም። ፖንሞ ግን የከብት ቆዳ ነው፤ ጸጉሩ ተቃጥሎና ተፍቆ፣ ተቀቅሎ የሚበላ። ጣዕም ብዙም የለውም፤ የሚወደደው ለሚለጠጥ ልስላሴው ነው። በጋና ዌሌ ይሉታል። የፍየል ሥጋም ብዙ ጊዜ ከነቆዳው ተለብልቦ ነው የሚቀርበው። ይህን ሁሉ ካልፈለጉ “ቢፍ” ወይም “ፊሽ” ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ ዝም ካሉ የተገኘው ይገባል።

ሦስቱን ማሰብ ከከበደዎ ሩዝ አለ። ጆሎፍ በቲማቲም፣ በቀይ ቃሪያና በሽንኩርት የበሰለ ሩዝ ነው፤ ከጎኑ ዶዶ፣ ማለትም የተጠበሰ የበሰለ ፕላንቴይን፣ አይቅር። ናይጄሪያ ውስጥ የጋናን፣ ጋና ውስጥ የናይጄሪያን ጆሎፍ አያወድሱ። ክርክሩ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ምሳውን ያስረዝመዋል።

5. የጾም ወይም የሃይማኖት ክልክል ካለብዎ

ከዚህ መመሪያ ሁሉ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ይህ ነው። የምዕራብ አፍሪካ ወጥ ቅጠል ቢሞላውም የጾም አይደለም። ኤፎ ሪሮን አይተው ጎመን ነው ብለው እንዳይሳሳቱ፤ ውስጡ የሥጋ መረቅ፣ የደረቀ ዓሣና “ክሬፊሽ” አለበት። ክሬፊሽ የሚሉት ደርቆ የተፈጨ ትንንሽ ሽሪምፕ ነው፤ በደቡብ ናይጄሪያ እኛ ኮረሪማ እንደምንነሰንሰው በየወጡ ይነሰነሳል። ከኖርዌይ የሚገባው ስቶክፊሽ የተባለ ደረቅ ዓሣም በብዙ ሾርባ ውስጥ ይቀቀላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አማኝ ጾም ባይሆንም እንኳ በኦሪት ሥርዓት ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን የውኃ እንስሳ የማይበላ ከሆነ፣ ክሬፊሹን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አጠያየቁም ዘዴ ይፈልጋል። “ሥጋ አለበት?” ብለው ቢጠይቁ “የለበትም” ይሉዎታል፤ አልዋሹም፤ ዓሣና ሽሪምፕን ሥጋ ብለው አይቆጥሩም። ስለዚህ አንድ በአንድ ይጠይቁ። ሌጎስ ላይ “ክሬፊሽ ዴይ ኢንሳይድ?”፣ ቀጥሎ “ፊሽ ዴይ?”፣ ቀጥሎም መረቁ በምን እንደተሠራ። “እኔ ጾመኛ ነኝ” ማለት ብቻውን አይረዳም፤ ለብዙው ሰው ጾም ማለት እስኪመሽ ምንም አለመብላት ነው፣ በኋላ የሚበላው ምግብ ከሥጋ ይለይ አይለይ አይታሰብም።

ከሞላ ጎደል ደህና የሆኑትን ላስቀምጥ። ዶዶ፣ የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ ቦዬ፣ ባዶ ነጭ ሩዝ። ቦሊ የሚባለው በከሰል የተጠበሰ ፕላንቴይን ከተቆላ ለውዝ ጋር በሌጎስ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ በጋናም ተመሳሳዩ አለ፤ ለዐቢይ ጾም ከዚህ የተሻለ ምሳ አላገኘሁም። አካራ ተፈጭቶ የተጠበሰ ጥራጥሬ ነው፤ ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት መሆን አለመሆኑን ብቻ ያጣሩ። ኬንኬ ከተፈጨ ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ጋር የጾም ነው፤ ነገር ግን አብሮት የሚመጣውን ጥቁር ሺቶ ይተዉ፤ ሺቶ ውስጥ ደረቅ ዓሣና ሽሪምፕ አለ። ዋቼም እንዲሁ ባዶውን ከሆነ ይሆናል፤ እንቁላሉ፣ ወጡና ሺቶው ግን ይቀራሉ። ሞይሞይ ከአካራ ጋር አንድ ዓይነት ጥራጥሬ ቢሆንም ታምኖ አይበላም፤ እንቁላል ወይም ዓሣ ተቀብሮበት ይገኛል። ጆሎፍም የሚበስለው ብዙውን ጊዜ በሥጋ መረቅ ነው።

ሌሎች የሚከለከሉ ነገሮችም ስማቸውን ይወቁ። ጋና ውስጥ “አክራንቲ” ወይም “ግራስከተር” የሚባለው የአይጥ ዘመድ የሆነ ትልቅ የሣር እንስሳ ነው፤ በላይት ሱፕ ውስጥ እንደ ክብር ምግብ ይቀርባል። “ዶሜዶ” የተጠበሰ የዓሣማ ሥጋ ነው። በባሚያ ወጥ ውስጥ ሸርጣን ከነቅርፊቱ ሊያጋጥም ይችላል፣ ናይጄሪያ ውስጥም ትልቅ ቀንድ አውጣ በበርበሬ ተጠብሶ ይሸጣል። ሙስሊም ከሆኑ ቀላሉ መንገድ የሐውሳ ምግብ ቤት መፈለግ ነው፤ ሱያ ጠባሾቹም አብዛኞቹ ሐውሳ ሙስሊሞች ናቸው።

6. እጅዎን ይታጠቡና እንዲህ ይብሉ

የመታጠቢያ ሳህን፣ ውኃና ፈሳሽ ሳሙና ይመጣል፤ ወይም ጥግ ላይ ቧንቧ አለ። በቀኝ እጅ መብላት ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አዲሱ ነገር እንጀራ አለመኖሩ ነው፤ የሚጠቀልል ነገር የለም፣ መጥለቂያውን ራስዎ ይሠሩታል። ከጥቅሉ ዳር ትንሽ ሎሚ የሚያህል ቁራሽ ይቁረጡ። በጣቶችዎ ጫፍ ያድቦልቡሉት። በአውራ ጣት መሐሉን ጫን አድርገው ትንሽ ጎድጓዳ ያብጁ። ሾርባውን በጎድጓዳው ጨልፈው ወደ አፍ ያድርሱ።

ከዚያ አያኝኩ። ስዋሎው የሚዋጥ ነው። ሥጋውንና ቅጠሉን ያኝኩ፤ ሊጡ ግን በሾርባው ተንሸራቶ ይውረድ። ማኘክ ሕግ መጣስ አይደለም፣ ግን ሊጡ አፍ ውስጥ እየተጣበቀ ይሰፋል፤ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰውም ማየቱ አይቀርም። ቁራሹ ትልቅ ከሆነ ስለሚያንቅ በትንሹ ይጀምሩ። ጋና ውስጥ ፉፉው በሾርባው ውስጥ ተነክሮ በአንድ የሸክላ ሳህን ይመጣል፤ መሐሉን አይውጉት፣ ከዳር እየቆረጡ ወደ ውስጥ ይግቡ። ሥጋው እስከ መጨረሻው ይቆያል፤ ቀድሞ ሥጋውን የሚጨርስ ሰው ሕፃን ይመስላል። እኛም ቤት የዶሮ ወጡ እንቁላልና ብልት በኋላ እንደሚነካው ነው።

ጉርሻ እንደ እኛ የተለመደ አይደለም። ለአስተናጋጅዎ ማጉረስ ቢያምርዎ ቢቀር ይሻላል። ማንኪያ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ ለሩዝ ማንም በማንኪያ ይበላል።

7. ሲያቃጥልዎ

“በርበሬ ለምጃለሁ” የሚል ኢትዮጵያዊ እዚህ ይፈተናል። የእነርሱ ዋና ቃሪያ ስኮች ቦኔት ነው፤ በማቃጠል መለኪያ ከ100,000 እስከ 350,000 ስኮቪል ይደርሳል። በርበሬያችን ደርቆ፣ ከቅመም ጋር ተፈጭቶና ከሽንኩርት ጋር ተቁላልቶ ስለሚመጣ ቃጠሎው የተገራ ነው። የእነርሱ ትኩስ ሆኖ ይፈጫል፤ ሽታው እንደ ፍራፍሬ ይጣፍጣል፣ ቃጠሎው ግን ዘግይቶ ይመጣና አይሄድም። ስለዚህ አስቀድመው “ኖ ፑት ፕሌንቲ ፔፐ” ይበሉ። አስቀድሞ የበሰለ ወጥ ቃሪያው አይወጣም፤ የትኛው ድስት ለስለስ ያለ እንደሆነ ይጠይቁ።

ከተቃጠሉ ውኃ አይድረሱበት፤ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በውኃ አይሟሟም፣ ይበልጥ ይሰራጫል። ባዶ መደቡን ወይም ዶዶ ይብሉ፤ ወተት ከተገኘ ደግሞ ይጠጡ። የፔፐር ሱፕ የሚባለውን ግን በፈቃደኝነት ካልሆነ አይዘዙ፤ የምሽት፣ የቢራ፣ የጉንፋን መድኃኒት ምግብ ነው።

የሚጠጣውስ? ናይጄሪያውያን ዞቦ፣ ጋናውያን ሶቦሎ፣ ሴኔጋላውያን ቢሳፕ የሚሉት የእኛው ከርከዴ ነው፤ ዝንጅብል ይገባበታል፣ ስኳርም ይበዛበታል። ውኃ ብዙ ጊዜ በ500 ሚሊ ሊትር ላስቲክ ከረጢት ይሸጣል፤ ጥጉን በጥርስ ነክሶ ይጠጡታል። ሆድዎ አዲስ ምግብ ላይ ከሆነ የታሸገ ጠርሙስ ይግዙ። የዘንባባ ወይን ጠዋት ጣፋጭ ነው፣ ሲመሽ ግን ስለሚቦካ ይከብዳል፤ ሰዓቱን ሳያዩ አይቅመሱት።

8. ሂሳብ

ናይጄሪያ ውስጥ መደቡ በጥቅል፣ ሩዙ በጭልፋ፣ ሥጋው በቁራጭ ይቆጠራል። ብዙ ቦታ ሲያዝዙ ወዲያው ይከፍላሉ። ሥጋ ጨምሩልኝ ባሉ ቁጥር ሂሳቡም ይጨምራልና አስተናጋጇ “አድ ሚት?” ስትል ፈገግታዋን እንደ ስጦታ አይውሰዱት። ጋና ውስጥ ዋቼ የሚገዛው በገንዘብ መጠን ነው፤ “የዚህን ያህል ሴዲ” ይላሉ፣ እሷ ትለካለች። የባንክ ዝውውር በሌጎስ፣ የሞባይል ገንዘብ በአክራ የተለመደ ነው፤ ለእንግዳ ግን ዝርዝር ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይቀላል። ጉርሻ፣ የገንዘቡን ማለቴ ነው፣ ግዴታ የለበትም።

ዳካር ከሆኑ

በሴኔጋሏ ዋና ከተማ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ዋናው ምሳ ቼቡ ጄን፣ የዓሣና የሩዝ ምግብ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። የጆሎፍ ሩዝ ስምም የመጣው ከዚያው አካባቢ ከነበረው የጆሎፍ መንግሥት ነው፤ ሁለቱ ተፎካካሪዎች ይህን ቢያነሱባቸው አይወዱም። በቤት ሲጋበዙ አንድ ትልቅ ሳህን ይቀርባል፤ ከፊትዎ ካለው ብቻ ይበላሉ። እመቤቷ ዓሣውንና አትክልቱን በእጇ እየፈረከሰች ወደ እንግዳው ፊት ትገፋለች፤ ማዕድ ዙሪያ ያደገ ሰው አይቸገርም። ከድስቱ ሥር ተፍቆ የሚወጣው፣ ኾኝ የሚሉት የሩዝ ቅርፊት ቢሰጥዎ አክብሮት ነውና አይመልሱ። በተራው ምግብ ቤት ግን ለየብቻ በሳህን ይሰጣል፣ ማንኪያም አለ።

በውጭ አገር ከሆኑ

ለንደን ፔክም፣ ኒው ዮርክ ሃርለም ወይም በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሐበሻም እነዚህን ቤቶች ያገኛቸዋል፤ በዋሽንግተን አካባቢ የናይጄሪያው ምግብ ቤት ከእኛው ሱቅ ጎን የሚገኝበት ቦታ ብዙ ነው። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሳህኑ ትልቅ ስለሆነ ለሁለት ሰው አንድ ኤጉሲና ሁለት ጥቅል ይበቃል። ሁለተኛ፣ ስዋሎው ካዘዙ በኋላ ስለሚገነፋ ይዘገያል፤ ሰላሳ ደቂቃ ቢያስጠብቅዎ ኩሽናውን አይውቀሱ። ቸኩለው ከሆነ በስልክ አስቀድመው ይዘዙ፣ ወይም ሱያ ይውሰዱ። ሱያውን ሲገዙ ተጨማሪ ጥሬ ሽንኩርትና ቅመሙን ለብቻው በወረቀት እንዲጠቀልሉልዎ ይንገሯቸው፤ ቤት ሲደርሱ ቃጠሎውን እንደ ሰዉ አቅም ይነሰንሳሉ።